ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው በር

መቀመጥ የሚባል ነገር ከልጅቷ ጋር ከሕፃንነቷ ጀምሮ ተስማምቶ አያውቅም። እናቷ ስታበላት እንኳ አንዷን ማንኪያ ተቀብላ፣ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞራ ነበር ለሁለተኛዋ የምትመለሰው። ቤተሰቡ «እንዝርት» አላት፤ ስሙም እንደ ማስቲካ ተጣበቀባት። ቤት ውስጥ እንዝርት መሆን ያስቃል፣ ትምህርት ቤት ግን አያዋጣም። ደብተር ፊት ስትቀመጥ መጀመሪያ ጉልበቷ ይርገበገባል፣ ቀጥሎ እስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን ይደበድባል፣ ከዚያ ተነስታ ያልጠማትን ውሃ ትጠጣለች። የዕለቱ ንባብ እዚያ ላይ ያበቃል።

ዘንድሮ ግን ቀልድ የለም። የመጨረሻው ክፍል ላይ ናት፤ ከፍተኛውን የባዮሎጂ ፈተና ካለፈች የአምቡላንስ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ይቀበላታል። ይህን ሥራ የተመኘችው ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤታቸው የታመሙ ቀን ነው። ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ደረጃውን እየሮጡ ወጡ፣ ሰውየውን ተሸክመው ደግሞ እየሮጡ ወረዱ። ሰው ሮጦ ደሞዝ የሚበላበት ሥራ በዓለም ላይ መኖሩን ያወቀችው ያን ዕለት ነው።

ከወደቀችስ? ከወደቀች የአጎቷ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለላት። አጎቷ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ጣጣው የመጣው ከደግነቱ ነው። ፈተናው ገና ሳይደርስ ከባንኮኒው ጀርባ መደገፊያ ያለው ቆንጆ ወንበር ገዝቶ አስቀምጦላታል። «ላስቲኩን አልነካሁትም፤ አንቺው ራስሽ ትገልጪዋለሽ» አላት፣ ፊቱ በደስታ እያበራ። በሱቁ በር ባለፈች ቁጥር ወንበሩ በላስቲኩ ውስጥ ያብለጨልጭባታል። ጠዋት ገብታ ማታ እስክትወጣ እዚያ ላይ ተቀምጣ ፍሬንና ብሎን ስትሸጥ ይታያትና እርምጃዋን ታፈጥናለች።

እናቷ ጠይቃ አፈላልጋ ያገኘችላት አስጠኚ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላቸዋል። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከሳሎን ወንበራቸው እምብዛም አይነሱም፤ ቢነሱም ከዘራቸውን ይዘው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፈው እስከ መኝታ ቤት ብቻ ነው። መቀመጥ የማትችል ተማሪና መነሳት የማይችሉ አስተማሪ እንግዲህ ተገናኙ። ከዚህ ምን ይወጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ እኔም በጊዜው አላውቅም ነበር የምላችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ቲቸር ስለ ልብ አራት ክፍሎች መናገር ጀመሩ። ብዙም አልሄዱ፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይ ሲናወጥ አዩ።

«የሚያንዘፈዝፈው ጠረጴዛዬን ነው ወይስ አንቺን?» አሉ።

«ይቅርታ ቲቸር፣ ጉልበቴ ነው።»

«ተነሺ።»

ገና በመጀመሪያው ቀን ሊያባርሩኝ ነው፤ እናቴን ምን እላታለሁ እያለች ቦርሳዋን አነሳች።

«ቦርሳሽን ተይው። በዚህ በር ውጪና በዚያኛው ግቢ» አሉ ቲቸር። «ከአሁን ጀምሮ ደም ነሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የቲቸር ቤት ድሮ ሁለት ጠባብ ቤት ነበር፤ በኋላ ተጋጥሞ አንድ ሆነ። ስለዚህ ወደ ደረጃው የሚያወጡ ሁለት በሮች አሉት። በአንደኛው ሲገቡ ትንሽ መግቢያ ክፍል አለ፤ ከእሷ በመጋረጃ አልፈው ማድ ቤት ይገባሉ፤ ከማድ ቤት በረንዳ ይወጣሉ፤ ከበረንዳው በሌላ በር ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎኑም በራሱ በር ተመልሶ ወደ ደረጃው። ቲቸር ይህንን ቤት ስንት ዓመት ኖረውበት፣ ልብ መሆኑን ያዩት ያን ቀን የልጅቷ ጉልበት ሻያቸውን ሲንጠው ነው።

«መግቢያው ክፍል ላይኛው ቀኝ ነው፤ ከሰውነት የተመለሰው ደክሞት የመጣ ደም ይገባበታል። ማድ ቤቱ ታችኛው ቀኝ። በረንዳው ሳንባ ነው፤ እዚያ ስትደርሺ አየር ሳትስቢ እንዳታልፊ። መኝታ ቤቱ ላይኛው ግራ። ሳሎኑ ታችኛው ግራ፤ ግድግዳው ወፍራም የሆነው ደሙን እስከ እግር ጣት ድረስ የሚገፋው እሱ ስለሆነ ነው። የደረስሽበትን እየጠራሽ ሂጂ፤ እዚህ ሆኜ እሰማሻለሁ።»

እንዝርት ዞረች። መጀመሪያ እየሳቀች፣ ከዚያ እያላበች፣ ከዚያ ደግሞ እየገረማት ዞረች። በደብተር ዓመቱን ሙሉ ያልገባት ነገር በእግሯ ገባ። ቲቸር ደንብ አጥባቂ ናቸው። መጋረጃው የልብ ክዳን ነው ብለዋል፤ አንዴ ካለፉት ወደ ኋላ መመለስ የለም። አንድ ቀን እስክሪብቶዋን መግቢያው ክፍል ረስታ ማድ ቤት ገባች። ከመጋረጃው አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ላይ ሆኖ ይታያታል፤ እሱን ለማንሳት በበረንዳ፣ በመኝታ ቤት፣ በሳሎን፣ በደረጃው ዞራ መጣች። ደረጃ ላይ ያገኟት ጎረቤት «አንቺ ልጅ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?» ቢሏት «ምንም፣ ወደ ሰውነት እየሄድኩ ነው» አለቻቸው። ሰውየው ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ።

በዚህ ሁሉ የተማረሩት እትዬ ብቻ ናቸው። እትዬ የቲቸር ታላቅ እህት ናቸው፤ አብረው ይኖራሉ፤ ማድ ቤቱ የእሳቸው ግዛት ነው። ለወንድማቸው ሻይ ሊያደርሱ ሲሉ በበረንዳው ንፋስ፣ በመኝታ ቤቱ በኩል መዞር አለባቸው፤ ሳሎን ሲደርስ ሻዩ በርዷል። አቋራጭ ጠፍቶ አይደለም። መግቢያው ክፍልና መኝታ ቤቱ መካከል በር አለ፤ ግን ከመኝታ ቤቱ ወገን ግድግዳ የሚያህል ቁም ሳጥን ተገትሮበታል።

«ያንን ሬሳ ቁም ሳጥን አንስቶ በሩን የሚከፍትልኝ ሰው ይጥፋ?» ይላሉ እትዬ በየቀኑ። «ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ በረንዳ ለበረንዳ ስንከራተት!»

«ሻዩ ቀዝቅዟል» ይላሉ ቲቸር።

«አዎ፣ ቀዝቅዟል፤ ከማን ቤት ዞሮ መጥቶ መሰለህ?»

ልጅቷም በሩ አላስችል ብሏት እጀታውን ነካ ነካ ታደርገዋለች። «ቲቸር፣ ይሄኛው በርስ ምንድነው?» ብላ ከመግቢያው ክፍል ጮኸች አንዴ።

«ዝግ በር ነው።»

«ልብ ላይ ምንድነው ማለቴ ነው።»

«ልብ ላይም ዝግ ነው። ፈተና ደርሷል፤ ዝግ በር እየነካካን የምናጠፋው ጊዜ የለንም። ቀጥዪ!»

እሷም ቀጠለች። ኩላሊቱን በማድ ቤቱ ወንፊት፣ የሕዋስ ክፍፍሉን በእትዬ የልብስ ገመድ ላይ በተሰጡ ካልሲዎች ተማረች። የማትቆምበት፣ የማትዞርበት ትምህርት አልነበረም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታውቀው ነገር በዛባትና ኩራት ቢጤ ጀማመራት።

ከዚያ ሞዴል ፈተናው መጣ።

አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር የተቸነከሩ ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ የደም ዝውውር ነበር፤ በእንቅልፏ የምታውቀው። እስክሪብቶዋን አነሳች። ምንም። መግቢያው ክፍል የት ነው? ከመጋረጃው ቀጥሎ ምን ነበር? ያወቀችው ሁሉ እግሯ ውስጥ ነው፤ እግሯ ደግሞ ከወንበር ስር ታስሯል። ሳታስበው ተነሳች።

«ምን ፈለግሽ?» አሉ ፈታኙ።

«ልዞር ነበር» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

አስቀመጧት። ጉልበቷ ተነሳ፤ ተጫነችው። ሌላኛው ተነሳ። ብዙም ሳትቆይ ራሷን ዳግመኛ ቆማ አገኘችው፣ አንድ እግሯ መተላለፊያው ላይ። ፈታኙ ወረቀቷን ወሰዱና በሩን አሳዩአት። ውጤቱ ሲመጣ ለመናገር እንኳ የሚያሳፍር ነበር። ወደ ቤት ስትመለስ አጎቷ ከሱቁ በር ሆኖ ጠራት፤ ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አላት ትከሻዋን ይዞ። «ወንበርሽ እንደሆነ የትም አይሄድም።»

ለማጽናናት ነው እኮ። እሷ ግን ከዚያ ቃል የባሰ የሚያስፈራ ነገር ሰምታ አታውቅም።

በቀጥታ ቲቸር ቤት ሄደች። በየትኛው በር እንደገባች እንኳ ልብ አላለችም።

«እርስዎ ነዎት ጉድ የሠሩኝ» አለቻቸው ፊት ለፊታቸው ቆማ። «ቤትዎን አስጠኑኝ እንጂ ባዮሎጂ አላስጠኑኝም። ቁጭ ስል ሁሉም ይጠፋል። ሰው ፊት አዋረዱኝ!» እንባዋ መጣ። እንዲህ ብላ ለትልቅ ሰው ተናግራ ስለማታውቅ መልሳ ደነገጠች።

ቲቸር አልተቆጡም። ከዘራቸውን በመዳፋቸው መካከል አንከባለሉት።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «በእግርሽ አስተማርኩሽ፤ ተቀምጠሽ እንደምትፈተኚ አላሰብኩትም። ስትዞሪ ደስ አለኝና እዚያው ላይ ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ተቀመጪ።»

«መቀመጥ አልችልም አልኩ እኮ!»

«እኔስ የምችል ይመስልሻል?»

ቀና ብላ አየቻቸው።

«ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር» አሉ ቲቸር። «ሻዬን እንደጠጣሁ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁ። የደረጃው መደገፊያ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀለሙ ተልጦ እጅ ይቧጭራል፤ እዚያ ጋ ስደርስ እጄን አነሳሁ። ጫማ ጠጋኙን ሰላም አልኩ። ዝናብ ስለነበር ጃንጥላ ይዤ ነው የሄድኩት። ዘበኛው ‘ዛሬ ዘገዩ’ አለኝ። ከወደቅኩ ጀምሮ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም፤ ከዚህ ወንበር ግን አልተነሳሁም።»

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ጃንጥላው ነው ያሳቃት። ወዲያው ደግሞ ሳቋን ተወችው። ያ ሁሉ መንገድ በእኚህ ሰውዬ ደረት ውስጥ እየተሄደ፣ እሷ ግን ዝም ብለው የሚቀመጡ መስሏት ነበር። ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች።

የቀሩት ቀናት ከባድ ነበሩ። ቲቸር ዓይኗን ያስጨፍኗትና «በሩ ላይ ነሽ፤ እጀታው ምን ይላል?» ይሏታል። «ቀዝቃዛ ነው።» «ግቢ። ምን ይሸትሻል?» «ሽንኩርት።» «እሱ ማድ ቤት ነው፤ ዘለልሽ። መግቢያው ክፍል ምን ይሸታል?» ለካ መግቢያው ክፍል የእርጥብ ጃንጥላ ሽታ አለው። እየዞረች ስትሮጥ ያላየችው ነገር ብዙ ነበር፤ የመጋረጃው አንድ ቀለበት መውለቁን፣ የበረንዳው ደፍ ከፍ ማለቱን፣ ሳሎን መግቢያው ላይ ምንጣፉ መታጠፉን። መጋረጃው ጋ ስትደርስ እግሯ ራሱ ብድግ ያደርጋታል። «ተመለሺ» ይላሉ ቲቸር፤ ከደረጃው እንደገና ትጀምራለች። ሲመርራት ተነስታ በእውነቱ ቤት ትዞራለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ጉልበቷ ማረፍ አላረፈም፤ ሻዩ ግን መፍሰሱን ተወ።

የፈተናው ቀን እነዚያው የተቸነከሩ ወንበሮች፣ እኚያው ፈታኝ ነበሩ። ፈታኙ አውቀዋታል፤ በእሷ ረድፍ በኩል መመላለስ አበዙ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ገባች፣ ዞረች፣ ወጣች፣ ጻፈች። ኩላሊቱን ጻፈች፣ ካልሲዎቹን ጻፈች። እጇ እየፈጠነ ሄዶ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረሰች። ብዙ ነጥብ የሚይዘው እሱ ነው።

ጽንስ በእናቱ ማህፀን ውስጥ ሳለ በሳንባው አይተነፍስም ይላል ጥያቄው። ታዲያ ደሙ ከቀኙ የልብ ወገን ወደ ግራው እንዴት ያልፋል? ሲወለድስ ምን ይለወጣል?

ይህን ምዕራፍ አልነኩትም። ጊዜ የለም ብለው የዘለሉት ነው። ጉልበቷ ተነሳ። ጠረጴዛው መርገብገብ ጀመረ፤ ከፊቷ ያለው ልጅ ዞሮ አያት። ፈታኙ ቆሙ። ያ ወንበር በላስቲኩ ውስጥ ሆኖ መጣባት፤ መጣና ፊቷ ተገተረ። ልትነሳ ነው፤ ተረከዟ ከወለሉ ለቋል። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ጫነችና ዓይኗን ጨፈነች።

እጀታው ቀዝቃዛ ነው። የእርጥብ ጃንጥላ ሽታ። መጋረጃውን አልፋ ማድ ቤት ገባች፤ የበረንዳውን በር ገፋችው። አይከፈትም። እርግጥ ነው፣ አየር የለም፤ ማንም አልተነፈሰም። እዚያው ከሽንኩርቱ ጋር ተፋጣ ቀረች። ወደ ኋላ እንዳትመለስ መጋረጃው አያሳልፍም። ከደረጃው እንደገና ጀመረች።

አሁን መግቢያው ክፍል ላይ ቆመች። ቆይ፣ የመጣሁት ከየት ነው? ከእናቴ ነው። አየሩንም ከእናቴ ደም ተቀብዬ በእትብቴ ይዤው መጥቻለሁ። ታዲያ በረንዳ ምን ያደርግልኛል? የሚያስፈልገኝ መኝታ ቤት መግባት ብቻ ነው። እዚህ ደግሞ፣ ክንዴ ሥር፣ በር አለ። እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲከፈት የለመኑት በር። ቁም ሳጥኑስ? ቁም ሳጥኑ ገና አልመጣም፤ ቤቱ ገና አልተኖረበትም። እጀታውን ይዛ ገፋችው፤ ተከፈተ።

ከዚያ ልጁ ተወለደ። አለቀሰ፣ ተነፈሰ። የበረንዳው በሮች ብርግድ አሉ፤ ንፋሱ ከበረንዳው ወደ መኝታ ቤቱ ገባና ያንን በር ከዚያኛው ወገን ገፍቶ ድርግም አደረገው። ቀስ በቀስም ቁም ሳጥን ቆመበት፣ በሩ ግድግዳ ሆነ። እንዝርት ዓይኗን ገለጠችና ጻፈች፤ በር የሚለውን «የልብ ግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳ»፣ ንፋሱን «ከሳንባ የሚመለሰው ደም ግፊት» እያለች ጻፈች። ስትጨርስ ፈታኙ አሁንም አጠገቧ ቆመዋል። የቆሙት እሷን ሊያስቀምጡ ነበር፤ እሷ ግን ተቀምጣለች።

ማታውኑ ለቲቸር ነገረቻቸው። ቲቸር አፋቸውን ከፍተው ሰሟት።

«ይህን እኔ መቼ አስተማርኩሽ?»

«እርስዎ አይደሉም። እትዬ ናቸው።»

«ጽንስ ሌላም አቋራጭ አለው፤ ከማድ ቤቱ በላይ። እሱን ስተሽዋል» አሉ፤ አስተማሪ ምን ጊዜም አስተማሪ ነው። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ያልቆሸሸውን መስታወት ረጅም ሰዓት ጠረጉት።

ውጤቱ ሲወጣ አልፋለች። እናቷ አለቀሰች። አጎቷ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ሳማት፤ ደስታው እውነተኛ ነው፣ ግን በመካከሉ ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለ።

«ወንበሩን እንግዲህ ለማን ልስጠው?» አለ።

«ለእኔ ስጠኝ» አለች።

ወንበሩን ራሷ ላይ ተሸክማ ጎዳናውን አቋረጠች፤ ሰው እየዞረ አያት። ደረጃውን ወጣች። በመጀመሪያው በር ገብታ፣ መጋረጃውን አልፋ፣ በእትዬ ድስቶች መካከል ተሹለክልካ በረንዳው ላይ አስቀመጠችውና ላስቲኩን ራሷ ገለጠችው። ከዚያ በመኝታ ቤቱ በኩል ሳሎን ገባች።

«ይነሱ ቲቸር።»

«ወዴት?»

«ሳንባ ድረስ።»

ቲቸር መኝታ ቤቱን አዩ፤ በዚያ በኩል በረንዳው ቅርብ ነው። ከዘራቸውን ግን ወደ ደረጃው በር አዞሩ። «ደም ወደ ኋላ አይሄድም» አሉ። ዙሪያውን መሄድ አለባቸው ማለት ነው፤ በደንቡ።

ክንዳቸውን ትከሻዋ ላይ ጣሉ። ከባድ ናቸው። ወደ ደረጃው ወጡ፣ አረፉ። መግቢያውን ክፍል አለፉ፣ መጋረጃውን አለፉ። እትዬ ጭልፋቸውን እንደያዙ ከመንገድ ዞር አሉ። የበረንዳው ደፍ ጋ ሲደርሱ ቲቸር ቆሙ።

«የወደቅኩት እዚህ ጋ ነው» አሉ።

ልጅቷ አይዞዎት አላለችም፣ አላስቸኮለቻቸውም። ትንፋሻቸው ጆሮዋ ሥር ይሰማታል። ሙሉ ክብደታቸውን ተሸክማ ቆመች፤ ጉልበቷም ቀጥ ብሎ ቆመ። ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም፤ ብቻ የትም መሄድ አላማራትም።

ቲቸር እግራቸውን አነሱና ደፉን ተሻገሩ። አዲሱ ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከታች መንገዱ ይታያል፤ ጫማ ጠጋኙም እዚያው አለ። አየር ሳቡ። እትዬ ከማድ ቤት በአንድ እርምጃ ደርሰው ብርጭቆውን እጃቸው ላይ አኖሩላቸው። ቲቸር ፉት አሉና ብርጭቆውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«ትኩስ ነው» አሉ።